ያልደረሰኝ የጆሮ ክኒን

ሳንባው ታሞ መርፌ ለሚወጋ ሰው ሁሉ የምናገረው አለኝ። ስለ ሳልና ስለ ደም አይደለም፤ እሱን ሁሉም ሰው ይፈራዋል፣ ፈርቶም ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። እኔ የምናገረው መዳን ከጀመሩ በኋላ ቀስ ብሎ ስለሚመጣው ነው። ያን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሲመጣ ደግሞ እኔ ራሴ ለማንም አልተናገርኩም።

ስሜ አስካለ ነው። ጠላት ከአገር ከወጣ ብዙ ዓመት አልፎ፣ ጎሬ ገና የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ሳለች፣ እዚያ ቴሌፎነኛ ነበርኩ። ያኔ ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ነበር። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ “ሃሎ መቱ! ሃሎ በደሌ!” እያልኩ መስመር አገናኛለሁ። የቡና ነጋዴው ከአዲስ አበባ ደንበኛው ጋር ይጨቃጨቃል፤ ከጽሕፈት ቤት ትእዛዝ ይተላለፋል፤ አንዲት እናት ጅማ ላለ ልጇ “ምሳህን በላህ ወይ?” ትላለች። እኔን ፈልጎ የሚደውል ግን አልነበረም። አባቴና እናቴ ሞተው የምኖረው በታላቅ ወንድሜ በጋሼ ታደሰ ቤት ነው። ሚስቱ እትዬ ዘነበች ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ነገር ግን አራት ልጆች አሏት፣ ቤቱም ጠባብ ነው፣ ስገባና ስወጣ መንገድ እንደዘጋሁባት ይሰማኝ ነበር።

ሳሉ የጀመረኝ በክረምት ነው። የእኛ አገር ክረምት ረጅም ስለሆነ የማይሳል ሰው የለም፤ ማንም ልብ አላለውም። እትዬ ዘነበች “ብርድ ነው” ብላ ነጭ ሽንኩርት በማር አበላችኝ። ማታ ማታ ያተኩሰኝ ሲጀምር ክሊኒክ ሄድኩ፤ የሐኪም ረዳቱ ድሬሰር የዓይኔን ቆብ ገልጦ አየና “ወባ ነው” ብሎ የወባ ክኒን ሰጠኝ። ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ቀለል ብሎ ተመለሰ። ሁለተኛ ስሄድ ሽሮፕ ሰጡኝ። ሦስተኛ ስሄድ “ምግብ ብዪ፣ ከስተሻል” አሉኝ። ቀሚሴ ወገቤ ላይ መዞር ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መስመር እያገናኘሁ ሳል ያዘኝ፤ አላቆም አለኝ። አፌን በመዳፌ ይዤ ሳወርደው፣ የጥሪ መመዝገቢያው ላይ ሁለት ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። ማዳመጫው ውስጥ ነጋዴው “ሃሎ! ሃሎ! ተቆረጠ እንዴ?” እያለ ይጮኻል። ገጹን በእጄ ሸፍኜ ተቀመጥኩ።

ጋሼ ታደሰ በቡና ጭነት መኪና ይዞኝ መቱ ወረደ። ራጅ ለመነሳት አግዳሚ ወንበር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጥን። ከጎኔ የነበሩት ሰዎች በሳልኩ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ እያሉ ሄደው፣ በመጨረሻ ወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ወንድሜ እንኳ ቆሞ መጠበቅ መረጠ። ራጁን ያየው ሐኪም “የሳንባ ቲቢ ነው፤ ትተኛለች” አለ።

የተኛሁት ከመቱ ወጣ ብላ በነበረች፣ ዛሬ በሌለች፣ አንዲት ትንሽ የሳንባ ሕሙማን ቤት ነው። የሴቶቹ ክፍል ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ዝናቡ ሲወርድበት ሰው ከሰው አይሰማማም። ጠያቂ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከሽቦው አጥር ማዶ ቆሞ ነው የሚያነጋግረው። ወንድሜ እስከ በሩ ሸኘኝ፣ ዕቃዬን መሬት ላይ አስቀመጠልኝና “አይዞሽ አስኩ፣ እየመጣሁ አይሻለሁ” ብሎ ሄደ። እጄን አልጨበጠኝም። አልተቀየምኩትም፤ ልጆች አሉት።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል። አማርኛው ከሰላምታ አያልፍም፤ የሚያስተረጉምለት ጋሼ ፈይሳ የሚባል የኖፓ ሰው፣ ድሬሰር ነው። ጋሼ ፈይሳ በየማለዳው መርፌውን ቀቅሎ ስማችንን ይጠራል፤ ተሰልፈን እንወጋለን። መድኃኒቱ ስትሬፕቶማይሲን ይባላል፤ እኛ “ስትሬፕቶ” ነበር የምንለው። እውነቱን ለመናገር ከሞት ያወጣኝ እሱ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ትኩሳቱ ሄደ፣ ደሙ ቆመ፣ እንጀራ መብላት ጀመርኩ።

ከመርፌው በኋላ ጋሼ ፈይሳ ለአንዳንዶቻችን ትንሽ ቢጫ ክኒን እየሰጠ በመዝገብ ላይ ምልክት ያደርጋል። ለአንዳንዶቻችን ደግሞ አይሰጥም።

“ይኼ ምንድን ነው?” አልኩት አንድ ቀን።

“የጆሮ ክኒን ነው። ዶክተሩ ነው ያዘዘው።”

“ለእኔስ?”

“ስምሽ እዚህኛው መዝገብ ላይ የለም” አለኝና ቀጣዩን ጠራ።

ጆሮዬን አላመመኝም፤ ምን አስጨነቀኝ? ተውኩት።

ከአጠገቤ ያለው አልጋ የእትዬ ሐሊማ ነበር። የሁሩሙ ሰው ናት፤ ባሏ ማር ይነግዳል። በዕድሜ እናቴን ትሆናለች። አማርኛዋን ከኦሮምኛ ጋር እየቀላቀለች ታወራለች፤ “ያ ኢንተላ” ብላ ስትጠራኝ፣ አንቺ ልጅ ማለቷ ነው፣ ከነአነጋገሯ ደስ ትለኝ ነበር። የሰገደችበትን ምንጣፍ አጥፋ አልጋዬ ጫፍ ላይ ትቀመጥና የጎረቤቶቿን ታሪክ ታወራልኛለች። እሷ የጆሮ ክኒኑ ከሚደርሳቸው ነበረች። በዚያ ቤት ሳስል ያልሸሸኝ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም እንደኔው ትስል ነበርና።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ግድም ጆሮዬ ውስጥ ድምፅ ጀመረ። ቀጭን ነው፤ ሩቅ ያለ ቴሌፎን የሚጠራ ይመስላል። በመጀመሪያ ሥራዬ ናፍቆኝ ነው ብዬ ሳቅሁ። በሦስተኛው ቀን መሳቄን ተውኩ። በአራተኛው ቀን ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ፤ ሳሙና ቀብቼ ዓይኔን ስጨፍን መሬቱ ከእግሬ ሥር ሄደ። ወደቅሁ፤ ጉልበቴ ተላጠ። ጋሼ ፈይሳ አንስቶኝ “ደም አንሶሻል” ብሎ የብረት ሽሮፕ ሰጠኝ። “ሌላ የሚሰማሽ አለ?” ሲለኝ “ምንም የለም” አልኩ።

ለምን ዋሸሁ? አዲስ በሽታ ያገኙብኝና ያቆዩኛል ብዬ ፈራሁ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ቴሌፎነኛ ጆሮዋ ታመመ ከተባለ ምን ልትሆን ነው? ያለኝ ነገር ያ ሥራ ብቻ ነበር። ባልናገረው የሌለ መሰለኝ። በምሽት ወደ ሽንት ቤት ስሄድ ግድግዳውን በእጄ እየዳበስኩ መሄድ ለመድኩ፤ ቀን ደግሞ ቀስ ብዬ እራመዳለሁ። ሰው ሁሉ ድካም ነው አለ። በጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸውን እኔ ብቻ እሰማዋለሁ። የዚያን ጊዜውን ያህል ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ከዚያ ጋሼ ታደሰ መጣ። ከመጣ አንድ ወር አልፎት ነበር። ከአጥሩ ማዶ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል፤ ዝናቡ ያካፋል። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፁም ይመጣል፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም። “ምን አልከኝ?” ብዬ ሁለቴ ጠየቅሁ። ሦስተኛ መጠየቅ አፈርኩ፤ እንዳያውቅብኝም ፈራሁ። ፊቱ ላይ ጥያቄ አየሁ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እሱም ራሱን ነቀነቀ፤ ደግሞ የሆነ ነገር ጠየቀኝ፤ አሁንም ነቀነቅሁ። ያመጣልኝን በሶ ለዘበኛው ሰጥቶ ሄደ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ከወንድሜ ደብዳቤ ደረሰኝ። “በተነጋገርነው መሠረት ለአለቃሽ እንደማትመለሺ ነግሬአቸዋለሁ፤ በቦታሽ ሌላ ልጅ ተቀጥራለች። መልካም አደረግሽ፣ ጤናሽ ይበልጣል” ይላል።

ደብዳቤውን ትራሴ ሥር ከትቼ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ። ለማን እናገራለሁ? ሥራዬን በራሴ አንገት ነቅንቄ ነው የሰጠሁት።

እትዬ ሐሊማ በዚያ ቀን አልጋዬ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ አላወቅሁም። ትከሻዬን ስትነካኝ ደንግጬ ተነሳሁ።

“ያ ኢንተላ፣ ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ” አለችኝ።

“እንቅልፍ ወስዶኝ ነው።”

“ዓይንሽ ተገልጦ ነበር። ከሰነበተ አይቼሻለሁ፤ በቀኝ ስጠራሽ ትመልሻለሽ፣ በግራ ስጠራሽ አትመልሺም። ጆሮሽ ምን ሆነ?”

“ምንም አልሆነም። እባክዎ ለማንም እንዳይናገሩ።”

ተነስታ ወደ አልጋዋ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት መርፌ ልወጋ ስሰለፍ ጋሼ ፈይሳ እጁን አንስቶ አስቆመኝ። “አንቺ ዛሬ አትወጊም” አለኝ። ዞር ብዬ ሳያት እትዬ ሐሊማ መሬት መሬቱን ታያለች።

ዶክተሩ አስቀመጠኝ። ሹካ የመሰለች ብረት ጠረጴዛ ላይ መትቶ በቀኝ ጆሮዬ አስጠጋ፤ ትዘምራለች። በግራ አስጠጋ፤ ዝም። የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ያዘልኝ፤ በቀኝ ትመታለች፣ በግራ የለችም። ዓይኔን ጨፍኜ በወለሉ ስንጥቅ ላይ እንድሄድ አደረገኝ፤ በሦስተኛው እርምጃ ጋሼ ፈይሳ ያዘኝ። ዶክተሩ ተቀምጦ ብዙ ተናገረ፤ ጋሼ ፈይሳ እየቆራረጠ ተረጎመልኝ።

“መርፌው የሳንባሽን ተባይ ይገድላል። ግን በአንዳንድ ሰው ላይ የውስጥ ጆሮን ሥር ይጎዳል፤ የመስማቱንም፣ ቀጥ ብሎ የመሄዱንም። የግራው ሄዷል፤ አይመለስም። የቀኙ ገና አለ። መርፌውን ዛሬ እናቆማለን። በሚዋጥ መድኃኒት እንቀጥላለን፤ እሱ ቀርፋፋ ነው፣ ሆድ ይረብሻል፣ ከዓመት በላይ ይወስዳል። ሳንባሽም እንዳያገረሽ እንጠብቃለን።”

“ክኒኑስ? የጆሮው ክኒን?”

ዶክተሩ ጥያቄዬን ሳይተረጎምለት የተረዳው መሰለኝ። ክኒኑ ቪታሚን ነው፤ ጆሮን ከመርፌው ጉዳት ይጠብቅ ይሆናል የሚሉ ሐኪሞች አሉ አለ። እውነት መሆኑን ለማወቅ ለግማሹ ሕመምተኛ እየሰጠ፣ ለግማሹ ሳይሰጥ፣ በሁለት መዝገብ እየጻፈ ነው።

“እኔ ያልተሰጠው መዝገብ ላይ ነኝ ማለት ነው።”

“አዎ።”

“ማን መረጠኝ?”

ጋሼ ፈይሳ ይህን ሲተረጉም ድምፁ ወረደ። ዶክተሩ “ማንም አልመረጠሽም፤ በመጣችሁበት ተራ ነው፤ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ” አለ። ከእኔ በፊት የገባችው ደግሞ እትዬ ሐሊማ ናት።

ወደ አልጋዬ ስመለስ ከንዴት ብዛት ዓይኔ አያይም ነበር። ክኒኑ ለእሷ ደርሶ ለእኔ ቀረ፤ ምስጢሬንም እሷው አወጣችው። ልታናግረኝ ስትመጣ ፊቴን አዞርኩ። “ልጄ፣ ለጥሩ ብዬ ነው” አለች። አልመለስኩላትም። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ አልመለስኩላትም። አልጋዬን ወደ ግድግዳው አዙሬ የማይሰማውን ጆሮዬን ለእሷ ሰጠሁ። የምውጠው የዱቄት መድኃኒት የበላሁትን ያስመልሰኛል፤ እሷ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ትጠጋለች፣ እኔ በእጄ እገፋለሁ። ቀስ በቀስ መጠጋቷንም ተወች። አልጋዬ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ኖርኩ። ከዶክተሩና ከጋሼ ፈይሳ በቀር ማንም አላናገረኝም፤ ማንንም አላናገርኩም።

ቀኝ ጆሮዬ ጸና። ጩኸቱ አልጠፋም፤ ግን አልጨመረም። ዶክተሩ በየሳምንቱ ሰዓቱን ያስጠጋልኛል፤ እኔም በቀኝ ያችን ድምፅ እሰማለሁ። አንድ ቀን ከዚያ ስወጣ፣ በደጃፉ ፀሐይ ላይ ቆሜ እንዲህ አሰብኩ፤ ያቺ ሴትዮ ባትናገርብኝ ኖሮ ይህንንም አልሰማውም ነበር። እንዴት እስከዚያ ድረስ ሳላስበው እንደቆየሁ አላውቅም።

ወደ ክፍሉ ገባሁ። እትዬ ሐሊማ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነጠላዋን ታጥፋለች።

“እትዬ ሐሊማ” አልኩ። “ይቅር ይበሉኝ።”

አልዞረችም። መቼም ተቀይማለች፣ ይገባኛል ብዬ ቀረብ አልኩ።

“እትዬ ሐሊማ፣ አጥፍቻለሁ። እርስዎ ባይኖሩ ዛሬ ደንቆሮ ነበርኩ።”

ነጠላዋን አጥፋ ጨረሰች፤ ሳጥኗ ውስጥ አስገባች። ከማዶ ያለችው ሴትዮ “ኧረ አትሰማሽም! እሷ ከሰነበተ አትሰማም፤ መንካት ነው” አለችኝ።

ቆሜ ቀረሁ። ትከሻዋን ስነካት ዞረች፤ ፊቷ በራ። “ያ ኢንተላ! መጣሽ?” አለች፤ ድምፅዋ ከልክ በላይ ጮኸ። የራሷንም ድምፅ አትሰማም ነበር።

እየሮጥኩ ጋሼ ፈይሳን ጠራሁ። ዶክተሩ ሹካውን መትቶ በቀኝ ያዘላት፤ አልሰማሁም ብላ ራሷን ወዘወዘች። በግራ ያዘላት፤ አሁንም ወዘወዘች። “ለምን አልተናገርሽም?” ተብላ በጽሑፍ አትጠየቅ፣ ማንበብ አትችልም። ጋሼ ፈይሳ ጆሮዋ ሥር በኦሮምኛ ጮኾ ጠየቃት። “ክኒኑን እየዋጥኩ ነው እኮ” አለች። “ለጆሮ ነው አላችሁኝ። ይሻለኛል ብዬ ጠበቅሁ።”

እኛም እንደዚያው ነበርን። ክኒኑን ትወስዳለች ተብሎ ማንም አልጠየቃትም። ጋሼ ፈይሳ በየማለዳው “ደህና ነሽ?” ይላታል፤ እሷ ከከንፈሩ አንብባ “ገለታ ለአላህ” ትላለች። ከሁሉ ቀድሜ ላውቅ የምችለው አጠገቧ የምተኛው እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ፊቴን አዙሬ ነበር።

በዚያ ሳምንት ዶክተሩ የክኒኑን መዝገብ ዘጋ። ጋሼ ፈይሳን ይዞ አልጋዬ ድረስ መጣና፣ የሚቸኩለው ሰውዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። “ክኒኑ ለምን እንደቀረብሽ ጠይቀሽኝ ነበር” አለኝ። “ክኒኑ አልጠበቀም። ከሁለቱም መዝገብ ጆሯቸው የተጎዳ አለ። አልሠራም ብዬ ለሌሎቹ ሐኪሞች እጽፋለሁ፤ ሌላ ሰው በእሱ ተማምኖ እንዳይቀመጥ። ጆሮሽን ያዳነው ሴትዮዋ ማየቷና መናገሯ ነው።”

ከዚያ በኋላ መርፌው በየቀኑ መሆኑ ቀረ፤ መጠኑም በዕድሜ ለገፉት ተቀነሰ። እያንዳንዱ ሕመምተኛ በየሳምንቱ ጆሮውና አካሄዱ እንዲታይ ታዘዘ። ዶክተሩ “አማርኛም ኦሮምኛም ትችያለሽ፤ ከዳንሽ በኋላ እዚህ ሆነሽ ሕመምተኞቹን ስለ ጆሯቸው ጠይቂልኝ” አለኝ።

እትዬ ሐሊማ ከእኔ ቀድማ ወጣች። ባሏ በበቅሎ መጥቶ ወሰዳት። ከመሄዷ በፊት ይቅርታዬን በጆሮዋ ሥር ሦስት ጊዜ ጮኼ ነገርኳት፤ የክፍሉ ሴቶች ሁሉ ሰሙኝ። ከንፈሬን ትኩር ብላ አይታ፣ “እኔ መች ተቀየምኩሽ፣ ፊትሽን ስታዞሪ ያመመሽ መስሎኝ ነው” አለችኝ። አንድ ጊዜ ሁሩሙ ገበያ ላይ አገኘኋት። ማር እየመዘነች በጣቷ ዋጋ ታሳያለች። አቅፋ ሳመችኝ፤ ብዙም አላወራንም። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፤ ሞታለች ብለውኛል።

እኔ አክታዬ ንጹሕ ሆኖ በሁለተኛው ዓመት ዳንኩ። ጎሬ ወንድሜ ቤት ስመለስ የምበላበት ሳህን ለብቻው ተቀምጦ ጠበቀኝ። እትዬ ዘነበች ሳየው አይታኝ ፊቷ ቀላ፤ ግን አላነሳችውም። አንድ ሳምንት አድሬ ወደ መቱ ተመለስኩና ያን የጥያቄ ሥራ ያዝኩ። ቤት ተከራይቼ ብቻዬን መኖር ጀመርኩ፤ እስከ ዛሬም ብቻዬን ነኝ። በጨለማ አሁንም እንገዳገዳለሁ።

ከመጀመሪያዎቹ ከጠየቅኋቸው አንዱ የኖፓ ገበሬ ነበር፤ ረጅም፣ ግንባሩ የተቋጠረ ሰው። ቡናው ደርሶ ለቀማው ሳያልፍበት ቤቱ ለመግባት ቸኩሏል። “ጉርሪ ኬሰን ኢያ?” አልኩት፤ ጆሮዎ ይጮኻል ወይ ማለቴ ነው።

“ምንም የለም” አለ፣ ወደ በሩ እያየ።

ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በግራ ጆሮዬ እንደማልሰማ፣ እኔም ምንም የለም ብዬ እንደነበር፣ ሥራዬን እንዴት እንዳጣሁ ነገርኩት። ስለ እትዬ ሐሊማም ነገርኩት። ሰውዬው ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ቆየ። ጋሼ ፈይሳ መርፌውን አዘጋጅቶ ስሙን ሊጠራ ሲል ሰውዬው ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

“ከትናንት ወዲያ ጀመረኝ” አለኝ በቀስታ።

“ጋሼ ፈይሳ፣ ይቆዩ” አልኩ።